ፈረሰኛው እና የማዕዘኑ ድንጋይ

ማድሪድ ለሥራ ሄጄ አንድ ቀን ተረፈኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ ቶሌዶን እይ፣ ሴጎቪያን እይ አሉኝ። እኔ ግን በጠዋት ተነስቼ አውቶቡስ ተራ ሄድኩና የትሩሂዮ ትኬት ቆረጥኩ። ትኬት ቆራጯ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ። ትሩሂዮ ከማድሪድ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ 10 ሺሕ የማይሞሉ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ቀን ብቻ የቀረው እንግዳ ወደዚያ ሲሄድ አይታ አታውቅም መሰለኝ።

እኔን የወሰደኝ የድሮ ዕዳ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ስለ አንድ ስፔናዊ ነገሩን። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው 168 ተከታዮች ይዞ አንድ ትልቅ መንግሥት ገለበጠ አሉን። ክፍሉ በሙሉ 168ቱን ሰምቶ ጉድ አለ። እኔ የያዝኩት ግን ማንበብና መጻፍ አይችልም የሚለውን ነው። አባቴ በአውራ ጣቱ የሚፈርም ሰው ነበር። የቀበሌ ወረቀት በመጣ ቁጥር ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫናል፤ ከዚያ ጣቱን ሱሪው ላይ እየጠረገ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። እናላችሁ፣ ያን ስፔናዊ ሳላየው በልቤ የኛ ሰው አደረግሁት። ካደግሁ በኋላ ስለ ሰውየው ብዙ አነበብኩ፤ ያነበብኩት ብዙው የሚያኮራ አልነበረም። ያ የልጅነት ስሜት ግን ጨርሶ አለቀቀኝም። የተወለደበትን ከተማ አይቼ ይህን ሒሳብ ልዘጋ ነው የሄድኩት።

ሰውየው ፍራንሲስኮ ፒዛሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከማድሪድ ሲወጡ መንገዱ መጋዘንና ማደያ ብቻ ነው። እየራቁ ሲሄዱ አገሩ ይለወጣል። ሜዳው ይሰፋል፤ የኦክ ዛፎች ተራርቀው እንደ ጃንጥላ ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ጥቋቁር አሳማዎች የወደቀ ፍሬ ይለቅማሉ። ይህ የኤክስትሬማዱራ ክልል ነው። በበጋ ሐሩሩ አይጣል ነው፤ ዛሬም ድረስ ከስፔን ድሃ ክልሎች አንዱ ነው። የሚገርመው፣ ወደ አዲሱ ዓለም ሄደው አገር ያስገበሩት ሰዎች ብዙዎቹ የበቀሉት ከዚህ ደረቅ መሬት መሆኑ ነው። ሜክሲኮን የያዘው ኮርቴስ የዚህ ክልል ሰው ነው። ባልቦአም እንዲሁ። የአማዞንን ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ባሕር የወረደው አውሮፓዊ ኦሬያና ደግሞ እዚያው ትሩሂዮ የተወለደ ነው። ርስቱ በጌቶች እጅ ነበር፤ የቀረው ሕዝብ ወይ አሳማ ይጠብቃል፣ ወይ ይሰደዳል።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ከተማዋ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ የተጠረበች መሰለችኝ። ቤቱ ግራናይት፣ መንገዱ ግራናይት፣ አጥሩ ግራናይት። ከላይ አናቷ ላይ ዓረቦች የሠሩት ምሽግ ተቀምጧል። የክርስቲያን ነገሥታት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው ከተማዋን የነጠቋቸው። በቅርብ ዓመታት ያ ምሽግ በዓለም የታወቀ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተቀርጾበታልና ወጣቶቹ የሚመጡት እሱን ፍለጋ ነው። በየማማው ጫፍ ላይ ሽመላዎች የጭራሮ ጎጇቸውን ሠርተው ምንቃራቸውን ያንኳኳሉ። ከሰው ድምፅ ይልቅ የነሱ ይሰማል።

ዋናው አደባባይ ደልዳላ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ በደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዙሪያውን ቅስት ያላቸው በረንዳዎችና የመኳንንት ቤቶች ከበውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ፣ ፈረሰኛው አለ። ሰይፉን መዟል፣ የራስ ቁሩ ላይ ላባ ሰክቷል፤ ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ይገሰግሳል። ነሐስ ነው። የሠራው ቻርልስ ራምሲ የሚባል አሜሪካዊ ቀራፂ ሲሆን፣ እዚህ የቆመው በ1929 ነው። አምሳያው ፔሩ ዋና ከተማ ሊማም አለ፤ ስለሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሐውልቱ ሥር ተቀምጬ ሽቅብ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያማረ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚህ ሐውልት ላይ የምናየው ሰው ሲወለድ ፈረስ ቀርቶ ስምም አልነበረውም።

ፒዛሮ የተወለደው በ1470ዎቹ ነው። አባቱ ጎንዛሎ ፒዛሮ የጦር አለቃ፣ ከከተማዋ ትልልቅ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው። እናቱ ፍራንሲስካ ጎንዛሌዝ ደግሞ የድሃ ገበሬ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ጋብቻ አልነበረም። ልጁ ዲቃላ ተባለ። የአባቱ ወገን ሌሎቹን ልጆች አስተማረ፤ እሱን ፊደል ያስቆጠረው የለም። አሳማ ጠባቂ ነበር ይባላል፤ ይህን ጠላቶቹ ናቸው ያሰራጩት የሚሉም አሉ። አባቱ በመጨረሻ ሲናዘዝ ሌሎች ከጋብቻ ውጭ የወለዳቸውን ልጆች ሲያነሳ የፍራንሲስኮን ስም አላስገባም። በዚያን ጊዜ ልጁ ባሕር ማዶ ከሄደ 20 ዓመት አልፎታል።

በ1502 አትላንቲክን እንደተሻገረ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወቱ ግማሽ የሌላ ሰው ተከታይ ሆኖ ያለፈ ነው። በ1513 ባልቦአ የፓናማን ጫካ ሰንጥቆ የፓስፊክን ውቅያኖስ ሲያይ ፒዛሮ አብሮት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገረ ገዥው ባልቦአ ይያዝልኝ ብሎ ሲያዝ፣ የቀድሞ አለቃውን ሄዶ የያዘው ይኸው ፒዛሮ ነው። ባልቦአ አንገቱ ተቀላ። ፒዛሮ ፓናማ ውስጥ ሹመትና መሬት አገኘ። እዚህ ላይ የልጅነት ጀግናዬ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረብኝ።

ዕድሜው 50 ሲጠጋ፣ ሌላው ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ጊዜ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ሽርክና ገባ። አንዱ ሉኬ የሚባል ቄስ ነው። ሌላው ዲዬጎ ዴ አልማግሮ ነው። አልማግሮም ዲቃላ ነበር፤ አልማግሮም ፊደል አልቆጠረም። ሁለቱ የተጣሉ ልጆች በደቡብ በኩል ወርቅ ያለው አገር አለ የሚለውን ወሬ ተከትለው በ1524 መርከብ አስነሱ። የመጀመሪያው ጉዞ በረሃብና በውጊያ ከሸፈ፤ አልማግሮ አንድ ዓይኑን በቀስት አጣ። ሁለተኛው ጉዞ ላይ፣ በ1527፣ ጋዮ በምትባል ደሴት ሰዉ በሙሉ እንመለስ ብሎ አመፀ። ፒዛሮ አሸዋው ላይ በሰይፍ መስመር አሰመረ ይባላል። በአንድ ወገን ፓናማና ድህነት፣ በሌላው ፔሩና ሀብት ነው፤ የፈለገ ይሻገር አለ። 13 ሰዎች ተሻገሩ።

በእነዚህ ዓመታት ፒዛሮ ወረቀት በመጣ ቁጥር ምን ያደርግ እንደነበር በመዛግብት ላይ ይታያል። ሁለት ጠመዝማዛ ጭረት ይጭራል፤ በሁለቱ ጭረቶች መካከል ስሙን ጸሐፊው ይጽፍለታል። እስከ ዕለተ ሞቱ እንዲህ ነው የፈረመው። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ ሳይለኝ ያለፈበት ጊዜ የለም።

በ1528 ወደ ስፔን ተመለሰ። ቶሌዶ ንጉሥ ካርሎስን አገኘ፤ በሐምሌ 1529 የፔሩን መሬት የመያዝ ፈቃድ በንግሥቲቱ ፊርማ ተሰጠው። ውሉን ያየ ሰው ያፍራል። ለፒዛሮ የዕድሜ ልክ ገዥነትና የጦር አዛዥነት ተሰጠው። ዓይኑን ያጣው አልማግሮ የአንዲት ከተማ ምሽግ አዛዥ ብቻ ተባለ። ሽርክናው እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። አንድ ላይ ተርበው አንድ ላይ የተናቁ ሰዎች፣ ገበታው ሲቀርብ ግን አንዱ ለብቻው ተቀመጠ።

ትሩሂዮ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ የገባው በዚያን ጊዜ ነው። የናቀችው ከተማ ገዥ ብላ ተቀበለችው። አባቱ ሞቷል። ወንድሞቹን ሰበሰበ። በሕግ የተወለደውና ፊደል የተማረው ኤርናንዶ፣ እንደሱ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱት ጎንዛሎና ሁዋን፣ በእናቱ በኩል የሚወለደው ማርቲን ዴ አልካንታራ፤ በርካታ የአገሩ ልጆችም ተከተሉት። እኔ ያን ቀን በአደባባዩ እየዞርኩ ይህን አሰብኩ። ከዚህ ደረጃ ላይ ስንት እናት ልጇን ሸኝታ ይሆን?

እኩለ ቀን ሲሆን ራበኝ። በረንዳው ሥር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገባሁና ሚጋስ የሚሉትን አዘዝኩ። መጣ። ይህ እኮ የዳቦ ፍርፍር ነው! ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቀይ በርበሬ ዱቄት የተጠበሰ፤ የእረኞች ምግብ። ያለ አሳማ ሥጋ ይምጣልኝ ስለው አስተናጋጁ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን አየና ትከሻውን ነቀነቀ። በጎን ድንች ነበረበት። እየበላሁ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በርበሬውም ድንቹም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ድንቹ እንዲያውም የፔሩ ተራራ ሰዎች ያለመዱት ተክል ነው። ወርቁ በአንድ ትውልድ ለጦርነትና ለዕዳ አለቀ። ድንቹና በርበሬው ግን ዓለሙን ዞረው እኛም ጓዳ ገብተዋል። እናቴ ወጥ በሠራች ቁጥር ከዚያ አገር የመጣ ነገር እጇ ላይ ነበር ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ፒዛሮ ሦስተኛውን ጉዞ ሲጀምር የኢንካ መንግሥት ታሟል። ከነጮቹ ቀድሞ የደረሰው ፈንጣጣ ታላቁን ንጉሥ ዋይና ካፓክን እንደገደለ በሰፊው ይታመናል። ሁለቱ ልጆቹ አታሁዋልፓና ዋስካር ለዙፋኑ ተፋጁ። አታሁዋልፓ አሸንፎ ካሃማርካ በምትባል የተራራ ከተማ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ነው 168ቱ የደረሱት። 62ቱ ፈረሰኞች፣ 106ቱ እግረኞች ነበሩ።

ኅዳር 16 ቀን 1532 ንጉሡ በወርቅ በተለበጠ ቃሬዛ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ አጃቢዎች ታጅቦ ወደ አደባባዩ ገባ። የመጣው ለጉብኝት ነው፤ ሠራዊቱን ከከተማው ውጭ ትቶታል። አንድ መነኩሴ ቀርቦ ሃይማኖቱን እንዲቀበል ነገረው፤ መጽሐፍም ሰጠው። አታሁዋልፓ መጽሐፍ አይቶ አያውቅም። ገልጦ አየና ወረወረው። በየቤቱ የተደበቁት ስፔናውያን መድፍ ተኩሰው፣ ፈረስ አስነስተው ወጡ። ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ነገር ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከስፔናውያኑ አንድም አልሞተም። ፒዛሮ ራሱ የጥጥ ጥሩር ለብሶ፣ በእግሩ እየገፋ ቃሬዛው ጋ ደርሶ የንጉሡን ክንድ ያዘ። አዎ፣ በእግሩ። ሐውልቱ ላይ ያለው ፈረስ በዚያች ቅጽበት አልነበረም።

ሁለት ፊደል የማይቆጥሩ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ሰበብ ተያዙ፤ አንዱ ምርኮኛ፣ አንዱ ማራኪ ሆነ። ልዩነቱ አታሁዋልፓ አገሩ ውስጥ ፊደል የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የነሱ መዝገብ በክር ላይ የሚቋጠር ቋጠሮ ነበር፤ ያንን ደግሞ ፒዛሮ ማንበብ አይችልም።

አታሁዋልፓ የታሰረበትን ክፍል አንድ ጊዜ በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ በብር ሞልቼ ልውጣ አለ። ከየአገሩ ጌጥ፣ ጋን፣ የቤተ መቅደስ ግድግዳ ሳይቀር ተነቅሎ መጣ። ስፔናውያኑ እየቀለጡ ቡና አደረጉት ማለት ይቻላል፤ ወደ 6 ቶን ወርቅና ከ11 ቶን የማያንስ ብር ወጣው። አንድ ፈረሰኛ ወታደር 40 ኪሎ ያህል ወርቅ ደረሰው። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ልናየው ይገባን የነበረው የእጅ ሥራ በሙሉ ምድጃ ገባ። ቤዛው ተከፈለ። በሐምሌ 1533 ንጉሡን ከፍለህ ጨርሰሃል ብለው አልለቀቁትም፤ ያመፅ ጦር አስነስቷል ብለው ፈረዱበት። በእሳት እንዳይቃጠል ክርስትና ተነሳ፤ ከዚያ አንገቱን አንቀው ገደሉት።

እንግዲህ ስለ 168ቱ ተአምር መምህራችን ያልነገሩን አንድ ነገር ይኸውላችሁ። ብቻቸውን አልነበሩም። ከኢንካ ቀንበር ለመውጣት የፈለጉ ዋንካና ካኛሪን የመሳሰሉ ሕዝቦች በሺዎች አብረዋቸው ተሰልፈዋል፤ ስንቅ ሰጥተዋል፣ ተሸክመዋል፣ ተዋግተዋል። በኋላ እነሱም ገባሮች ሆኑ።

በ1533 ኅዳር ኩዝኮ ተያዘች። በጥር 18 ቀን 1535 ፒዛሮ የሊማን ከተማ ቆረቆረ። ማርኪስ ተባለ። አልማግሮ ግን ድርሻዬ ይሰጠኝ አለ፤ ኩዝኮ የማን ናት የሚለው ክርክር ወደ ጦርነት ሄደ። በ1538 አልማግሮ ተሸነፈ። ሽማግሌና በሽተኛ ነበር። ኤርናንዶ ፒዛሮ እስር ቤት ውስጥ አሳንቆ ገደለው። ፍራንሲስኮ ፒዛሮ በቦታው አልነበረም፤ ለማዳንም አልፈጠነም። 14 ዓመት አብሮት የተንከራተተ ባልንጀራው ነበር።

ደም ይጮኻል ይባላል። ሰኔ 26 ቀን 1541፣ ዕለተ እሑድ፣ 20 የሚሆኑ የአልማግሮ ሰዎች ሊማ የሚገኘውን ቤቱን በጠራራ ፀሐይ ሰብረው ገቡ። ምሳ የተጋበዙት ብዙዎቹ በመስኮት ዘለው ጠፉ። ወንድሙ አልካንታራ አብሮት ተዋግቶ ወደቀ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ጥሩሩን አጥብቆ ለማሰር እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ጉሮሮውን ተወጋ። ሬሳውን በጥድፊያ፣ በድብቅ ቀበሩት። በኋላ ዘመን ሊማ ካቴድራል ውስጥ የፒዛሮ ነው ተብሎ በመስታወት ሣጥን ለሕዝብ የሚታይ አስከሬን ነበር። በ1977 ሠራተኞች የካቴድራሉን ምድር ቤት ሲያድሱ ስሙ የተጻፈበት የእርሳስ ሣጥን አገኙ፤ ውስጡ በሰይፍ የተመታ የራስ ቅል ነበር። ሕዝቡ ለካ አንድ ክፍለ ዘመን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ድረስ የሌላ ሰው ሬሳ ሲጎበኝ ኖሯል።

ወንድሞቹስ? ሁዋን በ1536 የኢንካዎች አመፅ ላይ ተገደለ። ጎንዛሎ በንጉሡ ላይ ሸፍቶ በ1548 አንገቱ ተቆረጠ። ኤርናንዶ ለአልማግሮ ሞት መልስ ሊሰጥ ስፔን ሄዶ ታሰረ፤ 20 ዓመት ያህል እስረኛ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ወርቅ ባለቤት ከሆኑት ወንድማማች መካከል ዕድሜውን ጨርሶ አልጋው ላይ ለመሞት የታደለ ኤርናንዶ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ከሐውልቱ ሥር ተነስቼ ወደ አደባባዩ ሌላ ጫፍ ሄድኩ። እዚያ የድሉ ቤተ መንግሥት የሚሉት ሕንፃ አለ። ጎብኚው ፈረሰኛውን ፎቶ ያነሳና ይሄዳል፤ እኔም ልሄድ ነበር። ቀና ስል ግን የሕንፃው ማዕዘን ላይ፣ ከሰገነቱ ግራና ቀኝ፣ የሰው ፊት አየሁ። ከበላዩ ግዙፍ የቤተሰብ አርማ ተቀርጿል፤ አርማው ላይ በሰንሰለት የታሰሩ የኢንካ አለቆች አሉ። ከሥሩ በአንድ በኩል ፍራንሲስኮ ፒዛሮና አንዲት ሴት፣ በሌላው በኩል ኤርናንዶና ሌላ ሴት።

የመጀመሪያዋ ኪስፔ ሲሳ ናት፤ ስፔናውያኑ ኢኔስ አሏት። የዋይና ካፓክ ልጅ፣ የአታሁዋልፓ እህት። ንጉሡ እስር ላይ ሳለ ለፒዛሮ የሰጣት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች። በ1534 መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደችለት። ፒዛሮ ልጁን ፍራንሲስካ አላት፤ የራሱ ስም ነው፣ የሠራተኛዋ እናቱም ስም ነው። አባቱ ለሱ ያላደረገውን እሱ አደረገ፤ ልጁ በንጉሥ ደብዳቤ ሕጋዊ ልጅ እንድትባል አስፈጸመ። እናቲቱን ግን ለሌላ ስፔናዊ ዳራት፣ የአታሁዋልፓን ሚስት ወሰደ። ፍራንሲስካ ከእናቷ ተለይታ አጎቷ አልካንታራ ሚስት ዘንድ አደገች። አባቷ ሲገደል ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሁለተኛዋ ሴት ይቺው ፍራንሲስካ ናት። በ1551፣ 16 ዓመቷ ላይ፣ ከተወለደችበት አገር በመርከብ ወደ ስፔን ተላከች። በፔሩ ሀብታም ወራሽ ናትና እዚያ መቆየቷ መንግሥቱን አሳስቦት ነበር። በዓመቱ አጎቷ ኤርናንዶ አገባት። እሱ 50 ዓመት ገደማ ነው፣ እስረኛ ነው፣ ያለውም ሜዲና ዴል ካምፖ በሚባል ከተማ ላ ሞታ ምሽግ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ምሽግ አብራው ኖረች፤ ልጆች ወለደችለት። በ1561 ተፈታ። ትሩሂዮ መጥተው ይህን ቤት አሠሩ፤ ገንዘቡ የፔሩ ነው፣ የሷም ውርስ ነው።

ከማዕዘኑ ሥር ብዙ ቆምኩ። የአባቷ ሐውልት ከጀርባዬ ነበር። ያ ሐውልት የሚነግረን አንድ ሰው ሄዶ ድል እንዳደረገ ነው። ማዕዘኑ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ድል የተደረጉት እዚህ ድረስ መጥተዋል፤ እዚህ ቤት ውስጥ ወልደዋል፤ ፊታቸው ከግድግዳው ጋር አብሮ ተሠርቷል። ሰንሰለቱና የሴቷ ፊት አንድ ድንጋይ ላይ ናቸው። ፍራንሲስካ በየቀኑ ከደጇ ስትወጣ የእናቷን ወገኖች በሰንሰለት ታስረው ታያለች። የእናቷንም ፊት ታያለች። እናቲቱን ከፒዛሮ ጎን፣ እንደ ሕጋዊ ሚስት እኩል ያስቀረጻት ማን ነው ብትሉኝ፣ የልጅቷ እጅ ያለበት ይመስለኛል። ሌላ ማን ያስታውሳታል?

ሊማ ስላለው ሐውልት ልነግራችሁ ነበር። በ1935 ከካቴድራሉ ፊት ቆመ። ሕዝቡ እየጠየቀ ሲሄድ ወደ ጎን ዞረ፤ በ2003 ጨርሶ ተነሳና በኋላ መናፈሻ ውስጥ ተቀመጠ። በጥር 2025 ደግሞ ወደ መሀል ከተማው መለሱት፤ ክርክሩም አብሮ ተመለሰ። ትሩሂዮ ውስጥ ግን ፈረሰኛው ሲሄድ ሲመጣ አልታየም። የከተማዋን ሰዎች አልፈርድባቸውም። ለነሱ ወጥቶ የቀናው የአገራቸው ልጅ ነው። እኔም እኮ በልጅነቴ እንደዚያ ነበር ያየሁት፤ የተናቀ ሰው ሲነሳ ማየት የማይወድ ማን አለ? ችግሩ የተናቀ ሰው ሲነሳ የሚረግጠው ደግሞ ሌላ የተናቀ ሰው መሆኑ ላይ ነው። መናቅ አንዳንዱን ሰው ያራራዋል፣ አንዳንዱን ያስርበዋል። አባቴ በአውራ ጣቱ የፈረመው የቀበሌ ወረቀትና የዕቁብ ደብተር ብቻ ነው፤ በሱ ጣት የማንም ቤት አልፈረሰም። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ ለአባቴ ግፍ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

የመመለሻው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ሽመላዎቹ ወደ ጎጇቸው እየገቡ ነበር። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስለ ፍራንሲስካ አንድ ነገር አስታወስኩ። እሷ ተምራለች። ማንበብና መጻፍ ታውቅ ነበር፤ የውርስ ክርክሯን፣ የመሬት ውሏን ስሟን በገዛ እጇ እየጻፈች ትፈርም ነበር። ያልተማረው ሰው ልጅ ፈረመች፤ አባቷ የያዘውንም፣ እናቷ ያጣችውንም በአንድ ስም። በ1598 እስከሞተችበት ቀን ድረስ ሁለቱም የሷ ነበሩ።

እኔም የማይጽፍ ሰው ልጅ ነኝ፤ የምኖረው በመጻፍ ነው። ማድሪድ እስክገባ ማስታወሻ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት የፈረሰኛውን ስም አልነበረም። ኪስፔ ሲሳ ብዬ ጻፍኩ፤ ፊደሉን እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ።